የጾም ዘንዶ

መጽሐፍ የጻፈ ሰው ትንሽ ከተማ ውስጥ መኖር የለበትም። ይህን ተመራምሬ የደረስኩበት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ የምኖርበት ከተማ ስለሌለኝ ነው የማውቀው። ትልቅ ከተማ ውስጥ አንባቢ ደራሲውን አያውቀውም። መጽሐፉን ከጠላው ይተወዋል፣ ከወደደው ለጓደኛው ያውሰውና በዚያው ይቀርበታል። ሞላሌ ውስጥ ግን አንባቢዬ የሚያገኘኝ ሽንኩርት ስገዛ ነው። ያውም ሰላምታውን ሳይጨርስ አስተያየት አይሰጥም። ደህና ነህ ወይ፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ በጎቹ እንዴት ከረሙ፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል ካለ በኋላ፣ እኔም ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ልሄድ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ «ሦስተኛው ቅጽ ግን ትንሽ አልደከመም?» ይለኛል።

ደክሟል። እኔም ደክሞኛል።

ሥራዬ ቀያሽነት ነው፤ የገበሬ ማሳ እለካለሁ። ወሰን ላይ ትንሽ ከሳትኩ ወንድማማች ስለሚኮራረፍ፣ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ሳልለካ አላምንም። ይህ አመል ለመሬት ጥሩ ነው። ለቀልድ ግን አይሆንም፤ ሁለቴ የተለካ ቀልድ ፊቱ ይኮሳተራል። ያም ሆኖ ከሥራ መልስ የምጽፈው ቀልድ ነው። «ከፍታ የሚፈራው ዘንዶ» የተባለ፣ እስካሁን ሦስት ቅጽ የወጣለት ልቦለድ አለኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው ከጉም በላይ ባለች አገር ነው። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ክንፍ ዘንዶ ይኖራል፤ ነገር ግን ወደ ታች ሲያይ ራሱን ስለሚያዞረው በእግሩ ነው የሚሄደው። ድግምቱ ሁልጊዜ አንድ ቀን ዘግይቶ የሚደርስ አስማተኛ አለ። ጥላዋ «ከእንግዲህ አልከተልሽም» ብሎ ያደመባት ንግሥትም አለች። ያስቃል ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

እርግጠኛ እንዳልሆን ያደረጉኝ አንባቢዎቼ ናቸው። ቢሮ አብሮኝ የሚሠራው ታደለ፣ አንድም ቀን በሰዓቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ አስማተኛው እሱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገብቶታል። ይከፋዋል ብዬ ስፈራ ጭራሽ ኮራበት፤ አሁን ሲያረፍድ «ድግምቴ ናት» ይላል። የአማርኛው መምህር ጌጡ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር «መልእክቱ ምንድን ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ጨንቆኝ «ሰው የተሰጠውን ነገር ራሱ እንደሚፈራ ለማሳየት ነው» ብላቸው፣ «እሱን በአንድ ገጽ መጨረስ ይቻል ነበር» አሉኝ። እናቴ መጽሐፉን አላነበበችውም። ዘንዶ ቤት ውስጥ ስሙ አይጠራም ብላ ሦስቱንም ቅጽ ጎተራው ጀርባ አስቀምጣቸዋለች። በቴሌግራም ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው «ጥሩ ነው፤ ግን ዘንዶው መቼ ነው የሚበረው?» ብሎ ጻፈልኝ። አይበርም እኮ። ርዕሱ ላይ አለ።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው የደከመኝ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለው አሳታሚዬ ደወለና ሦስተኛው ቅጽ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ እንደቀረ ነገረኝ። «አራተኛው የሚያስቅ ከሆነ ጻፈው» አለኝ፤ «ካልሆነ እዚህ ላይ ይብቃን። ለፋሲካ ቁርጡን ንገረኝ።» ሐሳቡ ተገቢ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይብቃን የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ እንደ ዕረፍት ፈቃድ ነው ያረፈው። በልቤ ዘንዶውን ተሰናብቼዋለሁ፤ የቀረኝ ስልክ መደወል ብቻ ነበር።

በደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ታደለና መምህር ጌጡ በመጽሐፌ ተያያዙ። እኔ መሐላቸው ተቀምጫለሁ። በአገራችን ሰው ፊት ለፊቱ አይታማም፤ መጽሐፉ ግን ሰው አይደለም።

«ሁለተኛውን ሳነብ ሚስቴ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ» አለ ታደለ። «ሦስተኛው ላይ ግን ውሃውም አላስፈለገኝ።»

«ሳቅ እኮ ግብ አይደለም፣ ታደለ።»

«ታዲያ ዘንዶውን ምን ላድርገው መምህር፣ ልረስበት?»

ይህን ጊዜ ከአግዳሚው ጫፍ፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙት ጋሽ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሞገስ በጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጃቸው ወይንሸት ከሥራ ስትመለስ ታነብላቸዋለች።

«ሁለታችሁም አላነበባችሁትም» አሉ። «እኔ ግን እያስነበብኩት ነው። እንዲህ ያለ የሚያሳዝን መጽሐፍ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።»

ታደለ ሻዩ ትን አለው። «ጋሽ ሞገስ፣ የቱ ነው የሚያሳዝነው? ጥላዋ ያደመባት ንግሥት?»

«አዎ! ጥላዋ እንኳ የተዋት ሴት። ይህ ያስቃል?»

ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ዘንዶውስ? ክንፍ ተሰጥቶት በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ስንት ሰው አውቃለሁ መሰላችሁ።» ከዚያ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዙረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ደርሶብህ ነው?»

ምን ደርሶብኝ እንደሆነ ለማወቅ ቤቴ ገብቼ እርሳስ ይዤ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የሚያሳዝን ነገር አላገኘሁበትም። ከሁለት አንዱ ነው ብዬ አሰብኩ፦ ወይ ጋሽ ሞገስ ቀልደውብኛል፣ ወይ ቀልዴ ቀልድ መሆኑ አይታወቅም። ጋሽ ሞገስ በጾም አይቀልዱም። ስለዚህ ሁለተኛው ነው። አሳታሚው የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ያገኘ መሰለኝና ስልኬን አነሳሁ። ግን ነገሩን የለካሁት አንዴ ብቻ ነበር። አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። አባትና ልጅ ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ አሮጌ የእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወይንሸት የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ስታየኝ መጽሐፉን አጠፍ ልታደርገው ስትል ጋሽ ሞገስ «ቀጥዪ፣ ባለቤቱ ይስማ» አሉ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የደረሱት ገደሉ ዘንድ ነበር። የጠላት ጦር ከበባ ስላደረገ ንግሥቲቱ ዘንዶውን አፋፉ ላይ አቁማ «ብረር!» ትለዋለች። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ ዘንዶው ወደ ገደሉ አየ፤ «ግርማዊት ሆይ፣ ክንፌን ትናንት አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ገና አልደረቀም» አለ፤ ክንፉ ግን ጀርባው ላይ ነበር። ለዚህች ቀልድ ብዙ ደክሜያለሁ።

ወይንሸት አነበበች፦ «ዘንዶው ወደ ገደሉ አየ።»

ዝም አለች። ከንፈሯን ነከሰች፤ አግዳሚው ሲጥ ሲጥ አለ። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ ቀጠለች።

«ክንፉን አጠፈ። ወደ ቤቱም በእግሩ ተመለሰ።»

«ምስኪን» አሉ ጋሽ ሞገስ።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ልጁን ጠጉሩን ተላጭቶ እንዳገኘው አባት ሆንኩ። ወይንሸት እስከ በር ስትሸኘኝ ዓይኔን ማየት አልደፈረችም።

«አየኸኝ አይደል?»

«ቀልዱ የት ሄደ?»

«ጾም አይደለም እንዴ!» አለች፣ የማያጠያይቅ ነገር እንደተጠየቀች ሁሉ። አባቷ በሁዳዴ የሚተዉት ወተትና ቅቤ ብቻ አይደለም፤ ዘፈንና ሳቅም ይተዋሉ። በዚህ ሰሞን ደግሞ «የቀያሹን መጽሐፍ አንብቢልኝ» ብለው አስቸገሯት። እንቢ እንዳትል አባት ናቸው። እንዳታነብ ገጹ ሁሉ ሳቅ ነው። «እና ሽሮውን ያለ ቅቤ እንደምሠራው ሠራሁታ። አትቀየመኝ ስንታየሁ፣ የተጣለ የለም። ለፋሲካ ሁሉንም እመልሰዋለሁ።»

አልተቀየምኳትም። መጀመሪያ እንዲያውም እፎይ አልኩ፤ ቀልዴ ያልተሰማው ስላልተነበበ ነው። መንገድ ላይ ግን ሁለተኛው ሐሳብ መጣ። ሁለተኛ ሐሳብ መቼም አይቀርልኝም። ቀልዱን ይዞ ሲነበብ «አልደከመም?» የተባለ መጽሐፍ፣ ቀልዱ ሲወጣለት አንድ ሽማግሌ «ምስኪን» አሉለት። እንግዲህ ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው? ያ ሁሉ ድካሜ ለቅቤው ኖሯል? አሳታሚውን በፋሲካ ማግስት እንጂ አሁን አልደውልለትም አልኩ። ጋሽ ሞገስ ሙሉውን ሰምተው ይፍረዱ። ከሳቁ እጽፋለሁ፤ ካልሳቁ ይብቃን።

ፋሲካ ገባ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሞገስ ቤት ተጠራሁ። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከበላን በኋላ ወጥተን ተቀመጥን፤ ወይንሸትም ገደሉን አውጥታ፣ ምንም ሳትቀንስ፣ የዘንዶውን ድምፅ ሳይቀር አስመስላ አነበበች። ክንፌን አጥቤ አስጥቼዋለሁ የሚለው ላይ ስትደርስ ራሷ መጨረስ አቃታት። እኔ የማየው የጋሽ ሞገስን ፊት ነው።

ጋሽ ሞገስ የአፋቸውን ዳር በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ቅቤ በዛበት» አሉ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ደግሞ ሲገርመኝ፣ ይብቃን የሚለው ቃል ያን ጊዜ እንደ ዕረፍት አልተሰማኝም።

«አባባ!» አለች ወይንሸት።

«አንቺ ደግሞ የማላውቅ መስሎሻል? ዝም ባልሽ ቁጥር አግዳሚው ይነቃነቅ ነበር። ዓይኔ እንጂ መቀመጫዬ አልታወረም! እዚያ ጋ ሳቅ እንደደበቅሽ ገብቶኝ፣ የራሴን ቀልድ እያስገባሁ ዘለቅኩ። በጾም ማሰብ አልተከለከለ።»

«ታዲያ የሚያሳዝን ነው ያሉትስ?» አልኩ።

«ያሳዝናል። ዛሬም ያሳዝናል። የሚያስቀውም ሳያሳዝን አይሆንለትም።»

«እዚህ ገደሉ ጋስ... ምን አስገብተው ነበር?»

ጋሽ ሞገስ ተስተካክለው ተቀመጡ። ዱላቸውን አፋፍ አስመስለው ፊታቸው ዘረጉ። «ንግሥቲቱ ‘ዝለል!’ ትለዋለች። ዘንዶው የጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ‘ኧረ እርስዎ ባሉበት! ይቅደሙ’ ይላታል። እሷም ጨዋ ናት፤ ‘የለም፣ አንተ ቅደም’ ትላለች። ‘በሞቴ ይቅደሙ!’ ‘አልቀድምም!’ ‘እንግዲያው እኔም አልቀድም!’ እንዲህ አፋፉ ላይ ሲገባበዙ ዋሉ። ከታች የከበበው ጦር ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው፤ ድንኳኑን ነቅሎ አገሩ ገባ።»

ሳቅኩ። ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ከድንጋዩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ወይንሸት ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። በገዛ መጽሐፌ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ሳቄ ሲበርድ ግን ምቀኝነቱ መጣ፤ ስለ ዘንዶ ሦስት ቅጽ የጻፍኩት እኔ፣ የዘንዶውን ጨዋነት የሰሙት እሳቸው!

«ጋሽ ሞገስ፣ ይህን ለአራተኛው ልውሰደው?»

«ውሰድ፤ እኔ የት አኖረዋለሁ?»

ለአሳታሚው «እጽፋለሁ» ብዬ ደወልኩ፤ እነሆ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ሁለተኛውን ከበባ፣ በ«ይቅደሙ» ከፍቼ እንደጨረስኩ ለታደለ ሰጠሁት፤ እንደ ሁለተኛው ቅጽ አይሆንም አለ። መምህር ጌጡ ግን አንብበው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ «በመጨረሻ መልእክት አገኘህ! መግደርደር አገር ያድናል ነው የምትለው» ብለው እጄን ጨበጡኝ። አላልኩም፤ ግን እጄን አልነጠቅኳቸውም።

ሦስተኛ ልኬት ስላስፈለገኝ ጋሽ ሞገስ ቤት ወሰድኩት። የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ዝናቡን ሸሽተው ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ተቀምጠዋል። ወይንሸት ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደ ይቅርታ ነገር። ከዚያ «ዘንዶው ጎንበስ አለ» አለችና ዝም አለች። አግዳሚው ተነቃነቀ። የአባቷን የገዛ ቀልድ ለአባቷ ብላ ዘለለችው።

ጋሽ ሞገስ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። የአፋቸው ጥግ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ቀጥዪ» አሉ።

ምን እንዳስገቡ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ጾም ነው። አሳታሚው ማምሻውን ደውሎ አራተኛው ያስቅ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «እንደ ወቅቱ ነው» አልኩት።