ጤነኛ የተባልን ለት

የዛሬ ሰው ሆዱን ሲያመው ይደብቃል። በእኛ ጊዜ የሚደብቀው ሆዱን የማያመው ነበር። እንዴት አትሉም? በየሁለት ወሩ ኮሶ የማይጠጣ ሰው የኮሶ ትል የለበትም፤ ትል የሌለበት ጥሬ ሥጋ አልቀመሰም፤ ጥሬ ሥጋ ያልቀመሰ ደግሞ በማን ግብር ተቀምጦ ያውቃል? ስለዚህ የምንፎክረው በገደልነው ብቻ ሳይሆን ከሆዳችን በወጣውም ነበር። የአንዱን ትል ራሱን ከእንጦጦ አፋፍ ብትይዙት፣ ጅራቱ የካ ወርዶ ውሃ ይጠጣል። እኔ አይቻለሁ። ማለቴ፣ ያየ ሰው አውቃለሁ።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን የግብር ድንኳን ተካይ ነበርሁ። እንደኔ ገመድ የሚወጥር እንዳልነበረ ጠላቴም ይመሰክራል። ብርንዶው በፊቴ አልፎ ሲገባ ሽታውን ከመኳንንቱ ቀድሜ አገኛለሁ። መብላቱን እንኳ... ድንኳን የተከለ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል ያለው ማን ነው? የየካውን የባላምባራስ ዘነበን ልጅ አስካለን ለመጠየቅ ሽማግሌ ስልክ ግን፣ ከመኳንንቱ ጋር ካንድ ሻኛ የሚቆርጥ ነው አስብዬ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። ባላምባራስ ራሳቸው በየበዓሉ በሬ እጥላለሁ ባይ ናቸውና፣ እንግዲያው ልጄን ከመስጠቴ በፊት ሆዱን ልወቀው፣ አብረን ኮሶ እንጠጣ ብለው ላኩብኝ።

ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆዴ የካ ደረስሁ። አስካለ አጥር ጥግ ጠብቃ፣ አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ የማይህ ከገመድ ሥር ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አፍህን እየጠረግህ ስትወጣ አላየሁህም፤ ሳትታመም በመድኃኒት ትሞታለህና ተመለስ አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ብመለስ አንቺን አጣለሁ ብላት፣ ብትሞትስ ታገኘኛለህ ወይ ብላ ሳቋን ይዛ ገባች።

ኮሶውን ወቅጠው በጥብጠው የሰጡን እማሆይ ብርቄ ነበሩ። በዚያ አገር የሆድን ነገር እንደሳቸው የሚለይ የለም፤ ሰው በራሱ ሆድ ላይ ሲመሰክር ይዋሻል ብለው፣ የወጣውን ሁሉ በወይራ እንጨት እያገላበጡ ራሳቸው ያያሉ። ጠጣን። ምሬቱን አልነግራችሁም፤ ለሰባት ዓመት ማር አልጣፈጠኝም። ከዚያ ባላምባራስ ወደ ታችኛው ጽድ፣ እኔ ወደ ላይኛው ጽድ ስንሮጥ አረፈድን።

እኩለ ቀን ላይ እማሆይ መጀመሪያ ወደኔ ጽድ ሄዱ። አገላበጡ፣ አጎነበሱ፣ ቀና አሉ። ልጄ፣ ይህ ሆድ ባቄላና ጎመን እንጂ በሬ አያውቅም አሉኝ ቀስ ብለው። አስካለ ከእጄ ወጣች አልሁ። እባክዎ እማሆይ፣ ትንሽ ትል እንኳ ብለው ይንገሩልኝ ብላቸው፣ በቆቤ ምዬ አልዋሽም ብለው ወደ ታችኛው ጽድ ወረዱ። እዚያ ብዙ ቆዩ። ከመጀመሪያው ጽድ የበለጠ ቆዩ።

ሲመለሱ ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እህ እማሆይ፣ የዚህ ልጅ ሆድ ምን ይላል? አሉ። እማሆይ እኔን አዩኝ፣ ባላምባራስንም አዩ፣ እንጨታቸውንም ጣሉ። ባላምባራስ፣ እግዜር ይመስገን፣ እርስዎም እሱም ፍጹም ጤነኞች ናችሁ አሉ።

ጤነኛ መባል እንደዚያ ያንገበገበው ሰው አይቼ አላውቅም። የበዓሉ በሬ ሁሉ የት ገባ ብዬ ልጠይቅ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ባላምባራስ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መሬቱን አይተው፣ ልጄ፣ ሠርጉን ለጥር እናድርገው? አሉኝ።

ለሠርጉ የምር በሬ ተጣለ። እኔም አማቼም እስኪያልበን በላን። በሦስተኛው ወር ሆዴ ሲጎረብጠኝ እማሆይን ጠራሁ፤ አይተው፣ የዱባ ፍሬ የመሰለ አለ፣ አለብህ አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አማቼን ላበሥር እየሮጥሁ ወረድሁ። በራቸው ተዘግቷል። ዘበኛው ከአጥሩ ላይ ቆሞ፣ ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል፣ ዛሬ እንግዳ አይቀበሉም እያለ የካ እስኪያስተጋባ ይጮሃል።

ደጁ ላይ ከኔ በቀር አንድም እንግዳ አልነበረም።