እማማ አሁኑኑ

በየቤተሰቡ «ቆይ» የሚባል ቃል ያልተፈጠረለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ገና ዓይኑን ሲያሽ፣ እሱ አልጋውን አንጥፎ፣ ግቢውን ጠርጎ፣ ሦስት ሰው ተቆጥቶ ይጨርሳል። በአናጢው ሚስት ቤተሰብ ውስጥ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ይዘው የኖሩት አማቱ፣ ክብርት እማማ አሁኑኑ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ ለማሾፍ ነበር። እሳቸው ግን «ጥሩ ስም ነው» ብለው እዚያው በዚያው ተቀበሉት።

እማማ አሁኑኑ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። የታመሙት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መተኛት አይሆንላቸውም ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ በቀብሩ ላይ እንዲያነብ የተመረጠው አናጢው ነው፤ ምክንያቱም አራቱ ልጆች በእናታቸው የትውልድ ዘመን እንኳ መስማማት አቃታቸው። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የሚያውቁት እንደ አስፈላጊነቱ ነበር። ሥራ ሲቀጠሩ ሁለት ዓመት ጨመሩ፤ ጡረታ ሲደርስ አራት ቀነሱ።

ስለዚህ አናጢው ዕድሜውን ዘለለና ወደ ሥራቸው ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠርተዋል፤ አሥራ ዘጠኙን በኃላፊነት። በየማለዳው በር ላይ ደርሰው ዘበኛውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት እሳቸው ነበሩ። በጡረታ ሽኝታቸው ዕለት ዳይሬክተሩ ንግግሩን ሳይጨርስ ከመድረኩ ጠፉ። ቢፈለጉ፣ የአዲሱን ቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርን ጠቅልለው ከአንድ ማጠቢያ ማሽን ሥር ተገኙ።

«ድምፁ አላማረኝም» አሉ። «ሰውዬው የሚናገረውን እንደሆነ ዐውቀዋለሁ።»

ጡረታ ሲወጡ ሆስፒታሉ ዐረፈ እንጂ እሳቸውስ አላረፉም። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸው ክሊኒክ ሄደው ወረፋ ያዙ። ወረፋው አልጥም ቢላቸው ተነሥተው አስተካከሉት። ሕፃን የያዘች ወደ ፊት፣ ሽማግሌ ወደ አግዳሚው፣ «አንተ ጎረምሳ ደግሞ፣ ምንህን ነው ያመመህ? ወንበሩን ልቀቅ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» እኩለ ቀን ሳይሆን ክሊኒኩ ባዶ ሆነ፤ እሳቸውም ሳይታከሙ ቤታቸው ገቡ። አናጢው «ጉልበትዎስ እማማ?» ቢላቸው፣ «ሥራ ላይ ረሳሁት» አሉት።

እሳቸው ቤት እንግዳ ከመቀመጡ በፊት የአንሶላ ጫፍ ይሰጠዋል። አናጢው ከእጮኛው እናት ጋር ሊተዋወቅ በውሰት ከረባት የመጣ ዕለትም ሁለት ጫፍ አስያዙት። «ሳብ! ሳብ እንጂ!» እያሉ ሦስት ጊዜ አሳጠፉት፣ ሦስት ጊዜ አስፈቱት። በመጨረሻ ትክ ብለው አዩት።

«ሥራህ ምንድነው?»

«አናጢ ነኝ እማማ።»

«ይሁን፤ እንጨት አይታጠፍም» አሉ። ጋብቻው በዚህ ጸደቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ስምንት ዓመት ስሙ «አናጢው» ሆኖ ቀረ። «አናጢው፣ በሩ ይንቋቋል!» «አናጢው፣ አሁኑኑ ና!» አራቱ ልጆቻቸው ይቅሩና ፖስተኛውን እንኳ «ልጄ» ይሉ ነበር። እሱን ግን አንድም ቀን ብለውት አያውቁም።

አሁን ወረቀቱ ላይ «የአራት ልጆች እናት» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት የወጣው የገባው ልጅ ሆኖ ነው ወይስ ሠራተኛ ሆኖ? ሚስቱን ሊጠይቃት አሰበ፤ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አሳፈረው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አናጢው ወረቀቱን ይዞ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከገበያው ማዶ የሚሠራ አንድ ጣራ ሠሪ ሊያጽናና መጣ። በቀጥታ ወደ ትልቁ ልጃቸው፣ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

«እግዜር ያጽናዎ። እግርዎስ ደህና ዳነልዎ?»

«የምን እግር?»

«ካቻምና የተሰበሩት ነዋ! የእናትዎ ጣራ ያፈሳል ብለው ጎረቤቶች ሲልኩኝ፣ ሦስት ጊዜ መሰላሌን ተሸክሜ መጣሁ፤ ሦስቴም ከበር መለሱኝ። ‹ልጄ እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል፤ የእኔን ጣራ የሚነካው እሱ ነው› አሉኝ። ‹እማማ፣ ዝናቡ እኮ አይጠብቅም› ብላቸው፣ ‹እኔ እጠብቃለሁ› አሉ።»

እማማ አሁኑኑ ጠበቁ! ርእሰ መምህሩ እግሩን ተሰብሮ አያውቅም። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከሥራ መወጣጫ ላይ ወድቆ ክረምቱን በጀሶ የተኛ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ።

አናጢው ያ ክረምት ትዝ አለው። በየቅዳሜው እየመጡ ጀሶውን በጣታቸው እያንኳኩ «ይህ ነገር የሚነሣው መቼ ነው?» ይሉት ነበር። ሥራ ፈት ያሉት ይመስለው ነበር። ስለ ጣራው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። በዳነ ማግስት «ጣራው ትናንት ማፍሰስ ጀመረ» ብለው ጠሩት። ኮርኒሱ በስብሶ ቢያገኘው፣ «እማማ፣ ይህ የአንድ ቀን ውሃ አይደለም» አላቸው። «የተጠራኸው ጣራውን ልትጠግን ነው ወይስ እኔን ልትመረምር?» ብለው ዝም አሰኙት። ያን ሁሉ ወር ከአልጋቸው ራስጌ ባልዲ ደቅነው እንደከረሙ አሁን ገባው። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

ርእሰ መምህሩ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ወረቀቱን ተቀበለው። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ።

«የሒሳብ ስሕተት አለብህ» አለው። «አራት» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «አምስት» ጻፈና መለሰለት።

በማግስቱ በቀብሩ ላይ አናጢው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ መጨረሻ የቆሙትም እንዲሰሙት ፈልጎ ነበር።