ትራስ ታቅፎ የሚመጣ ጠያቂ

የታመመ ሰው ጠያቂ ስንት ዓይነት ነው እባካችሁ? ሙዝ ይዞ የሚመጣ አለ፤ በዚያው በሽታ የሞተ ሰው ወሬ ይዞ የሚመጣም አለ። እኔ የምፈራው ግን ያው ሕመም ደርሶበት የተነሳውን ነው።

የቡአ ኦፕሬሽን ተደርጌ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቤቴ ተኝቻለሁ። መሳቅ አይቻልም፤ ማስነጠስማ ስፌቱን በቢላ እንደመክፈት ነው። ድሬ በቀትር ሙቀት በሯን ዘግታ ስታሸልብ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጠው አብዲ፣ መሃሉ በብዙ መዳፍ ተጨፍልቆ የቀረ ቀይ ትራስ ታቅፎ ገባ። ከኔ ትንሽ ቀደም ብሎ እሱም ለቡአ ተኝቶ ነበር።

«አብሽር አቦ!» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ወዲያው የራሱን ብሽሽት ጨበጠና፣ «ያዝ! ልታስነጥስ ነው» ብሎ ትራሱን ስፌቴ ላይ አስደገፈኝ።

አስነጠስኩ። እንዴት ቀድሞ አወቀ?

«ወላሂ፣ ይሄን ትራስ የሰጠኝ ሰውዬ በሰጠኝ ቀን ነው የዳነው» አለና ትራሱን ትቶልኝ ተነሳ። ሲመጣ እያነከሰ ነበር፤ ሲሄድ ግን ደረጃውን ዘሎ ወረደ።

ስፌቴ ከደረቀ ሰነበተ። ሐኪሙም «ምንም የለብህም» ብሎኛል። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ዛሬ በቀትር ብሽሽቴን ክፉኛ ወጋኝ፤ ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ሰው አስነጠሰና ጮኸ።

«ማነው?» አልኳት ባለቤቴን።

«ጎረቤታችን መምህሩ ነዋ። ትናንት ለቡአ ኦፕሬሽን ተደርጎ ገባ።»

የታመመ መጠየቅ ደግ ነው አይደል? ትራሱን ታቅፌ ሄድኩ። ምስኪኑ ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«አብሽር አቦ!» አልኩት፣ ብሽሽቴን ጨብጬ።