አዛዋሪዋ ሐዲጃ

ሰው በተቀመጠበት ተቀምጦ ሲቀር ማየት የማይችል ሰው በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየታክሲው አንድ አይጠፋም። እናንተ ተደላድላችሁ "እፎይ" ስትሉ፣ እሱ ከላያችሁ ቆሞ የተሻለ ቦታ አይቶላችኋል። የዚህ ማኅበር የጎንደር ሊቀመንበር ማን እንደሆነች ብትጠይቁኝ፣ ያለ ምንም ምርጫ፣ የኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ክብርት ወይዘሮ ሐዲጃ ናት።

ከአዘዞ አብረን ስንሳፈር፣ ገና ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ ትጀምራለች። "አንተ ረጅሙ፣ ወደ ፊት! እማማ፣ እርስዎ በመስኮቱ በኩል ይሁኑ፤ መንገዱ ያጥወለውልዎታል።"

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ተቆጣ። "ምነው እህቴ፣ ከፍዬ እኮ ነው የተቀመጥኩት! ለምን ታስነሺኛለሽ?"

"ተነሥ አላልኩህም፤ ተዛወር ነው ያልኩህ!" አለችው። ሰውየው የሁለቱን ቃል ልዩነት ሲያሰላስል ራሱን የኋላ ወንበር ላይ አገኘው።

ትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ደግሞ፣ በድንኳኑ አፍ ነፋስ የሚመታቸውን አያ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ ደግፋ ወስዳ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ በእርሻ ድንበር ለዓመታት ከተኳረፉት ጎረቤታቸው አጠገብ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰው እስኪበተን ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ቆዩ። ሐዲጃ ግን "ቢያንስ ብርድ አልመታቸውም" ብላ ረክታ ተመለሰች።

እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒውተር ብቻ የሞላበት ክፍል ቢሰጠው ያርፋል ትሉ ይሆናል። አላረፈችም። ያረጁትን ኮምፒውተሮች በገመድ አስተሳስራ እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር እንዲሠሩ አደረገቻቸው። ከዚያ ወዲህ በአንዱ ላይ የተጀመረ ሥራ ሳይቋረጥ፣ የደረሰበትንና የያዘውን ሁሉ እንደተሸከመ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ሲፈታ ካየች፣ ባለቤቱን ሳታማክር ታሻግረዋለች።

እኔ ደግሞ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ ከመዝራታቸው በፊት ልነግራቸው ለሳንጃ ሰሊጥ አምራቾች ቃል ገብቼ፣ ሳምንታት የሚፈጅ ስሌት ጀምሬ ነበር። የክፍሉን ፈጣን ኮምፒውተር ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ፣ ሥራዬ ጥግ ላይ ወዳለው፣ ከሁሉም ቀርፋፋ ወደሆነው ተዛውሯል።

"ሐዲጃ! ማን ንኪ አለሽ?"

"ወንድሜ ፈጠነ፣ አልተቋረጠብህም። እየሠራ ነው፤ ተመልከተው።"

"እንዲህ እየተንቀራፈፈ? ዘርተው ከጨረሱ በኋላ ልነግራቸው ነው?"

"የዚያኛው ድምፅ አላማረኝም። የሌሎቹንም ሰዎች ሥራ ከላዩ እያወጣሁ ነው።"

"ድምፅ?"

"አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። ሊቃጠል ያለ ሞተር እንዲህ ነው የሚያጉረመርመው።"

በሰው ፊት ያላልኳት ነገር የለም። እሷ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ሥራዋን ቀጠለች። ልከሳት ወጥቼ ግቢውን ሳላጋምስ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተከተለኝ። ሮጬ ስመለስ ያ ፈጣን ኮምፒውተር ከጀርባው ጭስ ይተፋል፤ ሐዲጃ ሶኬቱን ነቅላ መስኮት ትከፍታለች። ጥግ ላይ ያለው ቀርፋፋ የእኔን ስሌት እንደያዘ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ያዘግማል።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "በሩ ላይ አትቁም፣ ጭሱ ይውጣ" አለችኝ። በማግሥቱ ሌላ ኮምፒውተር ሲለቀቅ ስሌቴን ወደ እሱ ወሰደችልኝ፤ ውጤቱም ዝናቡ ሳይገባ ሳንጃ ደረሰ። አበራ የተባለ ሰሊጥ አምራች "ሸጋ ነው የሠራህ" ብሎ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠኝ።

በቅርቡ ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ እንደቀረበላት ሰማሁ። ስንት ጊዜ "ከዚህች ሴት ገላግለኝ" ብዬ የጸለይኩ ሰው፣ እያለከለክሁ ክፍሏ ገባሁ።

"ትሄጃለሽ?"

"ምነው ደነገጥክ?"

"ሥራዬን ማን ያይልኛል?" አልኳት።

ሳቀች። "ትናንት እምቢ ብያቸዋለሁ። ዕቃ ጠቅልሎ፣ ቤት ፈልጎ፣ አዲስ ጎረቤት ለምዶ... እኔ በበኩሌ ቦታ መቀየር አልወድም።"

እንዲህ ያለ ዐይን ያወጣ ንግግር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከደስታዬ ብዛት ግን ወንበር ስቤ፣ ወዴት እንደምታዛውረኝ እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ።