ከአባቴ ማሳ ዳር የነቀልኩት ነጭ ድንጋይ

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ይበስላል ይባላል። እኔ ያን ሰሞን የሠራሁትን ብነግራችሁ ግን አታምኑኝም።

ስልኬ ዛሬ ጠዋት «ትዝታሽ» ብሎ አንድ ፎቶ አወጣብኝ። ነጭ ድንጋይ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ። ከሥሩ የጻፍኩት ደግሞ፦ «ታሪክ ተሠራ።»

ተሠራ እንጂ!

ለማታውቁኝ፦ እኔ ትምህርት ቤት በወጉ አልተማርኩም። ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት። እቃ አጥቤ ስጨርስ የልጆቿን ደብተር እያነበብኩ፣ በግል ተፈትኜ እዚያው ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የክፍሌ ልጆች «እማማ» ይሉኝ ነበር። የደረሰኝ ጂኦሎጂ ነው። አክስቴ «ምንድን ነው እሱ?» ስትለኝ «ስለ ድንጋይ ነው» አልኳት።

«ሌላው ሞልቶ ነው?» አለች።

እኔ ግን የድንጋይ ፍቅር ያዘኝ። ምን ላድርግ?

ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ደጀን ወስዶ የአባይን ገደል አሳየን። ላይኛው፣ እኛ የምንኖርበት ደጋ፣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ነጩ የኖራ ድንጋይ ከታች፣ በረሃው ውስጥ ነው። ነጩ ከጥቁሩ በላይ አይገኝም። ይቺን ያዙልኝ።

በሳምንቱ አምበር አጠገብ ያለው አባቴ ቤት ሄድኩ። ማሳው ዳር ስዞር፣ ሳር ውስጥ አናቱን ብቅ ያደረገ ድንጋይ አየሁ።

ነጭ!

ደጋ ላይ። በጥቁሩ መሀል። የመማሪያ መጽሐፉ በእኔ ምክንያት ሊታረም ነው ማለት ነው።

ግማሽ ቀን ቆፍሬ ነቀልኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ግኝት ይሰረቃላ። በጆንያ አድርጌ ማርቆስ ገባሁ። ፎቶ፣ ፖስት፣ ላይክ በላይክ። ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ በመዶሻ ለሁለት ፈለጥኩትና አሲድ ጠብ አደረግሁበት። አረፋ ደፈቀ። የኖራ ድንጋይ፣ ጥርጥር የለውም።

ዓርብ ፕረዘንቴሽን። አሥራ አንድ ስላይድ። ጨርሼ ጭብጨባ ስጠብቅ መምህሩ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ሰው ከታች አምጥቶት ቢሆንስ?»

«የትኛው ጅል ነው መምህር፣ ድንጋይ ይዞ ከአባይ በረሃ የሚወጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኬ ጠራ።

አባቴ ነው። ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ሰው ታሞ ይሆናል ብዬ አነሳሁት። ስልኬ ወድቆ ስለነበር በላውድ ስፒከር ብቻ ነው የሚሰማው። ይቺንም ያዙልኝ።

«ጥሩወርቅ፣ የድንበሩን ድንጋይ አይተሻል?»

«የምን ድንበር፣ አባዬ?»

«ከአያ ደሴ ጋር የምንዋሰንበት ነዋ። ነጩ። አያትሽ ከአባይ በረሃ በአህያ ያወጣው።»

ክፍሉ ሁሉ ወደ ስልኬ ዞረ።

«ለምን ከዚያ ድረስ?» አልኩ።

«እዚህ አገር አምሳያ የለውማ። ጥቁር ቢተክል በሌላ ጥቁር ይለውጡታል። ይኸን ማን ይለውጠዋል ብሎ ነው እንጂ።»

መምህሩ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ውጤቴ ነበር።

ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አያ ደሴ ጎረቤቱ ብቻ አይደለም፣ አበልጁም ነው። «ማሳዬን ልትገፋ ድንጋዩን ነቀልከው» ብሎት ሰላምታ አቋርጠዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው።

«ከቤቴ ማንም አልነካውም ብዬ እምላለሁ» አለኝ።

አባቴ ሳያውቅ በሐሰት ሊምል ነው።

«አባዬ፣ እንዳትምል። እኔ ነኝ።»



«እንዳለ ይዘሽው ነይ» አለና ዘጋው።

እንዳለ! ለሁለት ፈልጬዋለሁ እኮ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ስሳፈር ሹፌሩ ጆንያውን አንስቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። «አምበር ድንጋይ አልቆበት ነው?» አለና ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እስክንደርስ ሳቀብኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ሁለቱን ግማሾች አስቀምጬ ተናዘዝኩ። አያ ደሴ ድንጋዩን ሳይሆን እኔን አየኝ።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። ለትምህርቴ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ ያስተምራሉ?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

«እኔን ቢጠይቁኝ በአንድ ጠዋት እነግራቸው አልነበር? አህያዋን የነዳሁ እኔ ነኝ።» ሽማግሌዎቹ ሊስቁ ሲሉ እጁን አነሳ። «ይሁን። አባትሽ እንዳልላከሽ ግን በምን አውቃለሁ?»

ማስረጃ ምን ነበረኝ? ያ ፖስት ብቻ። ስልኬን ሰጠሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ንስሐ አባታችን ጮክ ብለው «ታሪክ ተሠራ» ብለው አነበቡ። ያኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አያ ደሴ ፎቶውን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው።

«ሌባ እንዲህ ጥርሱን አያሳይም» አለ። ተነስቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ።

ድንጋዩን እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ መልሰው ተከሉት። ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ ስንጥቁ እንኳ በደንብ አይታይም። አፈሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ አያ ደሴ «ጠቅጥቂው፣ ሳይንቲስቷ» እያለኝ።

አሁን ዓለትን ከአሥር እርምጃ እለያለሁ፤ «አባዬ፣ ይህ ድንጋይ የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን የሚያክል ላብራቶሪ ግን እስካሁን አላየሁም። እናንተስ፣ ቤታችሁ የሚያውቀውን ነገር «አገኘሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ከሽምግልናው ማግሥት አባቴ መኪና መያዣው ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ዚፑን ከፈተ። ደብተሬን፣ ነጠላዬን፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ አንድ በአንድ አየ። ከጎን ኪሱ ውስጥ አንዲት ጠጠር አወጣ። አገላብጦ አያትና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ቦርሳውን ዘግቶ ሰጠኝ።