ልጄን የያዘው ተከላካይ

ተከላካይ ማለት ኳስ የሚጠብቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። እናንተስ? የፋብሪካውን ቡድን ተከላካይ ልጅ አላያችሁትማ። ፋብሪካውና ኮሌጁ ጣና ዳር ባደረጉት ግጥሚያ የኮሌጁን ኮከብ አማካይ፣ ልጄን፣ እንዲይዝ ታዘዘ። ልጄ ጫማውን ሊያስር ሲያጎነብስ አብሮት ያጎነብሳል፤ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ይከተለዋል። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ እንኳ እንዲህ አይጠብቅም። የልጄን እግር ይሰብርብኛል ብዬ ስሳቀቅ ኳሷ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ልጄ ሊያመጣት ዘሎ ሲገባ ያም ዋና ሳይችል ተከተለው። ልጄ ጎትቶ አወጣው። እኔም ሮጬ ሄጄ በነጠላዬ አደርቀው ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ልትሰምጥ ነበር እኮ፤ ይብቃህ» አልሁት።

የጠጣውን ውሃ ተፍቶ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ።

«እትዬ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ልጅዎን ጋርደውብኛል» አለኝ።

አፌን በእጄ ይዤ ዞር አልሁለት።