ደግማ ትጽፋለች

ስለ ራሳችሁ ጥሩ ነገር ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ ላብ አጥምቆኛል። ሲያትል እንደመጣሁ ሥራ ልጠይቅ የገባሁበት መሥሪያ ቤት «ሌላውን ሁሉ ትተን አንቺን የምንቀጥረው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ሰጡኝ። ብዙ አሰብኩና «እናንተ ደስ ካላችሁ» ብዬ መለስኩ። ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ አልጠሩኝም።

እኛ እኮ እንዲህ ነን። ጎበዝ ነሽ ሲሉን «ኧረ የምን ጉብዝና!» እንላለን። ቀሚስሽ ያምራል ሲሉን «ውይ፣ የድሮ ነው» ብለን ትናንት የገዛነውን ልብስ እናስረጀዋለን። ሙያችንን ሌላ ሰው እንዲናገርልን ነው የምንፈልገው፤ ያ ሌላ ሰው ዝም ካለ ደግሞ ውስጥ ውስጡን እንቀየመዋለን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ቪዛ ሳይጠየቅ፣ ሻንጣው ሳይመዘን አብሮን ተሳፍሮ የመጣ መንገደኛ ነው። እኛ ቋንቋ ተማርን፣ መንጃ ፈቃድ አወጣን፤ እሱ ግን እንደመጣ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ የሐያት ነገር ነው። ሐያት ሲያትል አጠገብ ኬንት የሚኖሩት የሰይድና የዘይነባ ልጅ ናት። ዘይነባ ደሴ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ናት። እኔ እዚያው አቅራቢያ ዴ ሞይን ነው የምኖረው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ እነሱ ቤት ጎራ ሳልል አልቀርም። ሰይድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። እንደ እሱ ያለ እንግዳ ወዳድ አላየሁም። ደጁ ደርሶ እህል ሳይቀምስ የተመለሰ ሰው ቢኖር ፖስታ አመላላሹ ብቻ ነው፤ እሱም ከመኪናው ስለማይወርድ ነው።

ሐያት ሃይስኩል ውስጥ ሶፍትቦል ትጫወት ነበር። ለማታውቁት፣ ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ ነው፤ አንዷ ትወረውራለች፣ አንዷ በዱላ ትመታለች፣ የቀሩት ይሯሯጣሉ። ሐያት ከመቺዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ ኳሱን የምትቀልበው ናት፤ ካቸር ይሏታል። ሰይድ መጀመሪያ አልወደደውም። «ልጄ አቧራ ላይ ቁጢጥ የምትለው ምን አጥታ ነው?» ይል ነበር። አንድ ቀን ግን ሜዳ ሄዶ፣ እየተንደረደረች የመጣችባትን ግዙፍ ልጅ ሐያት ኳሱን ይዛ ንቅንቅ ሳትል ስታስቀራት አየ። ከመቀመጫው ተነስቶ «ማሻአላህ!» ብሎ ሲጮህ ዳኛው ሳይቀር ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ኢሜይል የሚባለው ነገር ገና ብርቅ ነበር፤ እኛማ ፋክስ ልከን «ደረሰህ ወይ?» ብለን ስልክ የምንደውል ሰዎች ነበርን። ሐያት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆናለች። የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ጠርታ «ኮሌጅ ገብተሽ መጫወት ከፈለግሽ መጥተው እስኪያገኙሽ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ለኮሌጆቹ አሰልጣኞች ኢሜይል ጻፊላቸው» አለቻት። አጻጻፉንም አስተማረቻት። እናት አባትሽ አይጻፉልሽ፣ ራስሽ ጻፊ። አጭር ይሁን፣ ሰዎቹ ሥራ አላቸው። አሰልጣኟን በስሟ ጥሪያት እንጂ አንዱን ጽሑፍ ለሁሉም አትበትኚ። ምን ቦታ እንደምትጫወቺ፣ መቼ እንደምትመረቂ፣ የትምህርት ውጤትሽን፣ ደግሞም ለምን የእሷን ኮሌጅ እንደመረጥሽ ንገሪያት። መልስ ከመጣ ሳታውዪ ሳታሳድሪ መልሺ።

ሐያት ላይብረሪ ሄዳ ጻፈች። ከመላኩ በፊት ፕሪንት አድርጋ ቤት ስታመጣው እኔም ነበርኩ፤ ለሰይድ ተረጎምኩለት። «ሐያት ሰይድ እባላለሁ። ካቸር ነኝ። እጄ ፈጣን ነው፣ ኳስ አያመልጠኝም፣ ሰው አያልፈኝም። ቡድንዎን ሲጫወት አይቻለሁ፤ ከእናንተ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ» ይላል።

ሰይድ «ሰላምታው የታለ?» አለ።

«አባ፣ ሃይ ብያታለሁ እኮ።»

«ጤናዋን አትጠይቂም? ቤተሰቧን? ደግሞ ሰው አያልፈኝም ተብሎ ስለ ራስ ይጻፋል? ሰው ያመስግንሽ እንጂ!»

«ማን? ኖባዲ ኖውስ ሚ፣ አባ፤ ማን ያውቀኛል?»

ሰይድ ወረቀቱን መለሰላት። ጽሑፉም እንዳለ ተላከ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩላት። ከእኛ ቤት አንዲት ልጅ ወጥታ ስለ ራሷ እውነቱን ጻፈች፣ ሰማዩም አልተደፋም።

ብዙዎቹ አልመለሱላትም። ከተራራው ማዶ፣ በእኛው ግዛት በምሥራቅ ዋሽንግተን ካለ አንድ ኮሌጅ ግን መልስ መጣ። አሰልጣኟ ሐያት በፖስታ የላከችላትን የጨዋታ ቪዲዮ ካሴት አይታ ወዳዋለች። ለሚመጣው ዓመት ካቸር ያስፈልጋታል፤ ያለችው ቦታ ግን አንዲት ናት፤ የትምህርቱንም ክፍያ ኮሌጁ ያግዛል። «ቅዳሜና እሁድን መጥተሽ ግቢያችንን እዪ፣ ከልጆቻችን ጋር ዋዪ። ማደሪያና ምግብ በእኛ ነው። ወላጆችሽም ቢመጡ ደስ ይለናል። ትመጫለሽ?» ትላለች።

ዘይነባ እልል አለች። ሐያት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሳሎኑን ዞረችው። ሰይድ ወደ ጓዳ ገባና ሱፉን ይዞ ወጣ፤ ላውንደሪ ሊሰጠው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ሊሄድ ቆርጧል።

ከዚያ ተቀመጠና «በይ ጻፊ» አላት። «በጣም እናመሰግናለን፣ ትልቅ ክብር ነው፤ ግን በእኛ ምክንያት አትቸገሩ፣ ይቅር በይ።»

ሐያት ደነገጠች። «ይቅር? አባ፣ መሄድ እፈልጋለሁ እኮ!»

«ትሄጃለሽ! ማን አትሄጂም አለሽ? ግን በአንድ ቃል ዘለን እሺ ካልን ምን ይሉናል? መኝታና ምግብ የቸገራቸው ናቸው አይሉንም? አንዴ ይቅር እንላለን። እሷ ደግማ ትጽፋለች። ያን ጊዜ እሺ ነው።»

ይህን ለእናንተ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ሰው ቤት ገብተን ምግብ ሲቀርብ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የምንለው፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ ማን ያምነናል ብለን ነው? ማንም እንዲያምነን አንፈልግም። የሚያምነን ሰው ቢገኝ እንደ ክፉ ሰው ነው የምናየው። የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ለወግ ነው፣ «በሞቴ» ሲመጣ እጃችንን እንታጠባለን። እኛ ወሎዬዎችማ ሳንለመን የበላነው አይረጋልንም።

«ሰይድ» አልኩት፤ «እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት አንዴ ነው።»

«ሶፊያ፣ ልጄን እኮ ነው የምሰጣት» አለኝ። «ከተራራ ማዶ፣ ለማላውቃት ሰው። አንዴ ጠርታ ለምትተዋት ሴት ነው የምሰጣት? በእውነት ከፈለገቻት ትደግማለች።»

ለካ ነገሩ ወግ ብቻ አልነበረም። አባት ነውና፣ ልጁ ምን ያህል እንደምትፈለግ ማወቅ አምሮታል። ዘይነባን አየኋት፤ እሷም «ግድ የለም፣ ትደግማለች» አለች። ሐያት በእንግሊዝኛ ብዙ ተከራከረች፣ አለቀሰችም፤ በመጨረሻ ግን አባቷ ያላትን ጻፈች። የአባቷን ቃል የምታጥፍ ልጅ አልነበረችም። አንዳንድ ጊዜ ጨዋ ልጅ ማሳደግም ይጎዳል።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። «ቶሎ ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ። መልካም ዕድል እመኝልሻለሁ።» በቃ።

«አያችሁ፣ ጨዋ ሴት ናት» አለ ሰይድ። «ደግማ ትጽፋለች።»

ሱፉ ከላውንደሪ መጥቶ በፕላስቲኩ እንደተሸፈነ በር ላይ ተሰቀለ። ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በላይብረሪው በኩል ነበር የምትመጣው። ሰይድ በር ይከፍትና ፊቷን ያያል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሳምንታት ሄዱ። መጀመሪያ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለ። ቀጥሎ «አሟት እንዳይሆን» ብሎ ተጨነቀላት። ቆየት ሲል ደግሞ ኮምፒዩተሩን ጠረጠረ። ሐያት ራሷ ልጻፍላት ብትለው «አሁን ብትጽፊማ ልመና ነው» ብሎ ከለከላት። በኋላ የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ነገሩን ሰምታ ለሴትዮዋ ደወለችላት። ያገኘችው መልስ አጭር ነው፤ ልጅቷ አልመጣም ስላለች ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።

ሰይድ ይህን ሲሰማ «በኮምፒዩተር የተበላሸ በኮምፒዩተር አይቃናም፤ ሄደን ፊት ለፊት እናስረዳታለን» አለ። እኔ ለኮሌጁ አሰልጣኝ ደውዬ መምጣታችንን ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ሱፉን ለበሰ፤ እሱ፣ ሐያትና እኔ በእሱ መኪና ተራራውን ተሻግረን ሄድን። እኔን የወሰደኝ ለአስተርጓሚነት ነው፤ ሐያት እኔ አላስተረጉምም ብላለች። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ዝናቡን ታይ ነበር።

አሰልጣኟ ፀሐይ ፊቷን ያቀላው፣ ፈገግታ የማይጠፋት ሴት ናት። ቢሮዋ አስቀመጠችን። ሰይድ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ። በእኛ አገር የተጋበዘ ሰው መጀመሪያ ይቅርብኝ ይላል፤ ጋባዡ ደግሞ ይለምነዋል፤ እና ልጄ አልመጣም ያለችው ልትመጣ ነው። ሴትዮዋ በዚህ ሳቀች። ከዚያ የሐያትን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«እኔ እኮ አመንኳት» አለች። «አንዲት ልጅ አልፈልግም ስትለኝ መልሼ መላልሼ ብጨቀጭቃት መናቅ ይመስለኛል። አክብሬያት ነው የተውኳት።»

ይህን ለሰይድ ተረጎምኩለት። እሱ እንድትከበርለት ብሎ እምቢ አለ፣ ሴትዮዋ ደግሞ አክብራት ተወቻት፤ በመካከል ልጅቷ ቀረች። የምረግመው ሰው ብፈልግ አጣሁ። አጥፊ ያለበት ጉዳት ይሻላል፤ ቢያንስ እሱን እየረገሙ ይጽናናሉ። ቦታው ተሰጥቷል፣ ተፈርሟል፣ የሚመለስ ነገር የለም። ሴትዮዋም አዘነች፤ ማዘኗ እውነት ነበር።

የሐያትን ነገር ለመጨረስ ያህል፣ በቀጣዩ መስከረም ከቤቷ የማይርቅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባች። ተምራ፣ ጥሩ ሥራ ይዛ ትኖራለች፣ ማንም ከንፈር እንዲመጥላት አትፈልግም። ሶፍትቦል ግን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተችም። ለመጫወት የተፈጠረ ሰው ሳይጫወት ሲኖር ማየት ያሳዝነኛል፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሆኖም ከልቤ ያልወጣው የዚያ ቀን ምሳ ነው።

ልንሰናበት ስንነሳ አሰልጣኟ ሰዓቷን አየት አድርጋ «ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ነው፣ አብራችሁን ብትበሉ…» አለች። ለአፏ ያህል እንደሆነ ገብቶኛል። አሜሪካኖችም የራሳቸው ይሉኝታ አላቸው፤ «አንድ ቀን ምሳ እንበላለን» ይሏችኋል፣ ያ ቀን ግን አይመጣም። መንገድ አለብን ልላት አፌን ስከፍት ሰይድ በእንግሊዝኛ «የስ! ታንክ ዩ!» አለ። ሴትዮዋ ንግግሯን እንኳ አልጨረሰችም። በዕድሜው ሳይለመን እሺ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ወሰደችን። ሐያትን ከቡድኑ ልጆች መካከል አስቀመጠቻት፤ አሰልጣኟ፣ ሰይድና እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጥን። ሰይድ ዓሣና ድንች አነሳ። ልጆቹ ሐያት ካቸር መሆኗን ሲሰሙ ጣትሽን አሳዪን አሏት፤ የካቸር ጣት ኳስ እየመታው ይጣመማል። አንዷ የራሷን ጠማማ ጣት አውጥታ ከሐያት ጣት ጋር አስተያየችና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሐያትም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ማንኪያና ሹካ ደርድራ የሆነ ጨዋታ ታስረዳቸው ጀመር። አንዷ ትከሻዋን ትመታታለች፣ ሌላዋ ከሳህኗ ድንች ትሰርቃታለች። ለማያውቅ ሰው፣ አብራቸው የከረመች ነው የምትመስለው።

ሰይድ ሹካውን አስቀመጠ። ወደዚያ ብዙ ጊዜ አየ። እሱ የተወው መኝታና ምግብ መስሎት ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዘንበል አለና ቀስ ብሎ «ሶፊያ፣ ይህን ነው እንዴ ይቅር ያልኩባት?» አለኝ።

አቀረቀርኩ።

አሰልጣኟ ከፊት ለፊት ታየን ነበር። «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምግቡ ይጣፍጣል ነው የሚለው» አልኳት።

ፊቷ በራ። «እንግዲያው ይጨመርለት እንጂ!» አለች። ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አላት፤ በዚያች ሰዓት እውነቱን ነበር፣ ጉርሻ የሚወርድለት አይመስለኝም።

«ኧረ ትንሽ ብቻ፣ እባክዎ!» ብላ ሳህኑን ከፊቱ አንስታ ሄደች።

ደጋግሞ መለመን ታውቅበታለች ለካ።